ዊልቸሩ የማያስተማምን ሲሆን፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ጃንጥላ (ሰኞ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ የሥዕል ስልጠና አለ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። ቦታው 1.8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን 150 ሜትር ያህል ዳገት አለ። የምሄድበት ዊልቸር በባትሪ የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዳቸው 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት የታሸጉ የሊድ-አሲድ ባትሪዎች አሉት። ከተገጠሙ 26 ወር ሆኗቸዋል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ ጠዋት ሙሉ ያሳያል፤ ዳገት ላይ ግን የባትሪ ማሳያ መብራቱ ቀይ ድረስ ይወርድና ሜዳ ሲደርስ ተመልሶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠፍቶ ሲበራ ሠራ።

በእጅ የሚገፋ ታጣፊ ዊልቸርም አለ። ከወንበር ወደ ወንበር ለመዛወር የአንድ ሰው እገዛ ያስፈልገኛል፤ ወደ ጎንና ወደ ፊት ዘንበል ማለት ግን በራሴ እችላለሁ። ስልጠናው እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። የምጠይቃችሁ «አይዞሽ ሂጂ» ወይም «ይቅርብሽ» እንድትሉኝ ሳይሆን በምን መስፈርት እንደሚወሰን እንድታሳዩኝ ነው።

መልስ፦ ካቻቪቴ

በመጀመሪያ ሁለቱን ችግሮች ይለያዩዋቸው። ተደባልቀው ሲታዩ «ወንበሩ አይታመንም» ከሚል ስጋት በቀር የሚጨበጥ ነገር አይገኝም። ብልሽት ሦስት ዓይነት ነው፦ አቅም የሚቀንስ፣ የሚያቆም እና የሚጎዳ።

አቅም የሚቀንሰው ይለካል፤ ስለዚህ ከሚሄዱበት ርቀት ጋር አመዛዝኖ መወሰን ይቻላል። በድንገት የሚያቆመው አይለካም፤ እዚያ ላይ ጥያቄው «ይቆም ይሆን?» ሳይሆን «ቢቆም የት ነው የምቀረው? ለምን ያህል ሰዓት? ከማን ጋር?» የሚለው ነው። የሚጎዳው ግን ክርክር የለውም። ፍሬኑ ዳገት ላይ ወንበሩን ካልያዘ፣ ጆይስቲኩ (መንጃ ዘንጉ) ተለቆ ወንበሩ ካልቆመ ወይም ሳይታዘዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ባትሪ ካበጠ፣ ፍሬሙ ከተሰነጠቀ፣ በዚያ ወንበር እስኪጠገን ድረስ አይወጣም፤ መንገዱ መቶ ሜትር ብቻ ቢሆንም።

አሁን ወደ ባትሪው። ጆይስቲኩ ላይ ያለው መብራት የሚያነበው ቮልት ነው፤ በባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ አያውቅም። ቻርጀር እንደተነቀለ ያረጀ ባትሪም ሙሉ መስሎ ይታያል። እውነቱን ለማወቅ ቻርጀሩ አረንጓዴ ካበራ በኋላ ነቅለው ቢያንስ 4 ሰዓት ያሳርፉት፤ ቢያድር ደግሞ ይበልጣል። ከዚያ የቮልት መለኪያውን (መልቲሜትር) ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ይለኩ። ጤነኛ ባትሪ ከ12.8 እስከ 13 ቮልት ያሳያል። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው፤ ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ ግማሽ ላይ የሚገኝ ባትሪ ደግሞ አልቋል። በሁለቱ መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ዝቅ ያለውን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ጭነት ላይ ይለኩ። የመለኪያውን ሽቦዎች በቆንጣጭ ባትሪው ላይ ያስይዙና መለኪያውን ጭንዎ ላይ አድርገው አንድ አጭር ዳገት ይውጡ፤ ወንበሩ እየሄደ ማንም እጁን ከመቀመጫው ሥር እንዳይከት። ደህና ባትሪ እዚያ ላይ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። እስከ 10.5 ቮልት የሚወርድ ከሆነ ባዶ እንደሆነ ባትሪ ይቆጠራል። ቀለበትና የእጅ ሰንሰለት ቀድመው ያውልቁ፤ የባትሪውን ሁለት ፖል (ሽቦ የሚታሰርባቸውን ጫፎች) ያገናኘ ብረት በቅጽበት ግሎ ሥጋ ያቃጥላል።

ለሚቆመው ችግር የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የሚቆመው? ዳገት ላይ ወይም ሲነሳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከባትሪው ነው። የበር ደፍ ወይም ጉድጓድ ሲያልፍ ከሆነ የላላ ሽቦ ወይም ሶኬት ነው። ከረጅም ዳገት በኋላ ሲግል ከሆነ ሞተሩ ወይም መቆጣጠሪያው ራሱን እየተከላከለ ነው። ገና ሲበራ እምቢ ካለ ደግሞ ጆይስቲኩ መሃል ላይ አልነበረም፣ ወይም ወንበሩን በእጅ ለመግፋት የሚነሳው የሞተር መልቀቂያ ማንሻ ተነስቶ ቀርቷል። እንደገና ከቆመ ከማጥፋትዎ በፊት ብልጭታውን ይቁጠሩና ይጻፉት፤ ስንት ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደሚያርፍ ማለቴ ነው። ቁጥሩ የሚጠቁመው ብልሽት እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ትርጉሙ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ሲያጠፉት ግን ያ ምልክት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በድንጋጤ አጥፍቶ ያበራና ማስረጃው ይጠፋል።

ከዚያ ወንበሩን አጥፍተው የባትሪውን ክዳን ይክፈቱ። ፖሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት አለ? ብሎኑን በጣት ሲነኩት ይዞራል? የሶኬቱ ፕላስቲክ ጠርዝ ጠቁሯል? ሦስቱም የሚታዩ ነገሮች ናቸው፣ ባለሙያ አይጠይቁም።

ርቀቱን ደግሞ በወረቀት ላይ ካለው ቁጥር አይውሰዱ። የአምራቹ ርቀት በአዲስ ባትሪ፣ በሜዳ ላይ የተለካ ነው። ቤትዎ አጠገብ 200 ሜትር የሆነ ዙር ይምረጡ፤ መብራቱ ቢጫ ላይ እስኪረጋ ድረስ ዙሩን እየቆጠሩ ይንዱ። ከተገኘው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ብቻ የቀንዎ በጀት ነው። ደርሶ መልስ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ግቢ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ 4.1። ይህ እንዲበቃ ከቢጫው በፊት ወደ 31 ዙር መሄድ አለበት፤ ዳገቱንም ገና አልቆጠርንም።

መልስ፦ ትራስ

እህቴ፣ ካቻቪቴ የወንበሩን ነገር በደንብ ነግሮሻል። እኔ ስለ ሰውነት ልጨምር፤ ምክንያቱም ወንበሩ ሲቆም አብሮ የማይቆም ሰዓት አለ። በቅድሚያ የሚያልቀው ምንድነው ብለሽ ጠይቂ፦ ቆዳሽ? ፊኛሽ? በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት? ከእነዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ነው የእርዳታውን ሰዓት የሚወስነው። እርዳታ 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነና ሽንት ቤት ሳትሄጂ የምትቆዪው 3 ሰዓት ከሆነ መቼም ከአንድ ሰዓት በላይ ትርፍ የለሽም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። መቀመጫው በሞተር ወደ ኋላ የሚጋደም ከሆነ ባትሪው ሲሞት መጋደሙም አብሮ ይሞታል። መንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ከመቀመጫ አጥንት ላይ ጫና የማንሻው መንገድም ተዘጋ ማለት ነው። አንቺ በራስሽ ዘንበል ማለት ትችያለሽና እድለኛ ነሽ፤ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ አንድ ጎን ተደገፊ። ሥዕል ሲያዝ ሰዓት ይረሳልና ስልክሽ እንዲያስታውስሽ አድርጊ። ይህን በራሱ ማድረግ የማይችል ሰው ጫናውን ማንሳት የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ፣ በማያስተማምን ወንበር መሄድ የለበትም። የመተንፈሻ መሣሪያው ከወንበሩ ባትሪ የሚሠራ ሰውም እንዲሁ፤ ለመሣሪያው የራሱ ትርፍ ባትሪ ካልያዘ አይወጣም።

ታጣፊውን ዊልቸር እንደ መፍትሔ ከማየትሽ በፊት ደግሞ ሞክሪው። የሸራው መቀመጫ መሃሉ ይረግባል፤ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዳሌም ይጣመማል። የራስሽን ትራስ ስታደርጊበት ቁመትሽ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፦ እግርሽ ከመርገጫው ይነሳል፣ ፍሬኑን ለመያዝ ይርቅሻል፣ ጠረጴዛው ጉልበትሽን ይነካል። ጎማውንም በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ እይ። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ስለሆነ አየሩ ያነሰ ጎማ ፍሬን የለውም ማለት ነው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ለ30 ደቂቃ ተቀመጪበትና ስትነሺ ቆዳሽን አሳዪ። የጫና ምልክት ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ በዚያ ወንበር አምስት ሰዓት አይታሰብም። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ መሞቁን፣ መጠንከሩን ወይም ቀለሙ መለየቱን በእጅ ዳሰሳ አረጋግጪ።

ትራስሽ በአየር የሚሞላ ከሆነ ዓርብ ማታ ተቀምጠሽ እጅሽን ከሥር አስገቢ። ከዝቅተኛው አጥንት እስከ ትራሱ ወለል ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር መኖር አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ድገሚው። በአንድ ሌሊት ከቀነሰ ቀዳዳ አለው፤ ይህም ካቻቪቴ «የሚጎዳ» ካለው ውስጥ ነው።

መልስ፦ ሁለት ጉልበት

የሚያቆም ብልሽት ይዞ መውጣት የሚቻለው ወንበሩ ቢቆም ማን እንዴት እንደሚያነሳው ዕቅድ ካለ ብቻ ነው። «ሰው አይጠፋም» ዕቅድ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ወንበር ብዙ ጊዜ ባዶውን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንድ ጠንካራ ሰው በሜዳ ላይ ጥቂት ርቀት ሊገፋው ይችል ይሆናል፣ ዳገቱን ግን አይችለውም። ሞተሩ ጋ ያሉት ማንሻዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ሲነሱ ወንበሩ በነፃ ይንከባለላል፤ ያኔ ግን ፍሬን የለውም። ወንበሩ ዳገት ላይ ቢቆም ኃይል ሲቋረጥ ፍሬኑ በራሱ ስለሚይዝ ባለበት ደህና ነዎት። አደጋው ሊረዳ የመጣ ሰው በቅንነት ማንሻውን ሲነካ ነው። ስለዚህ ማንሻዎቹ ላይ ደማቅ ናስትሮ ይለጥፉ፤ ከወንበሩ ጀርባም አንድ ካርድ ያንጠልጥሉ፦ «ዳገት ላይ አትንኩ። ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ይዞ ብቻ ይነሳ። በእጅ መደገፊያው ወይም በእግር መርገጫው አታንሱ፤ ይነቀላሉ።»

የግድ መነሳት ካለበት ባትሪዎቹን ቀድሞ ማውጣት ብዙ ይረዳል። 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አንዱ 15 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሁለቱ ሲወጡ ወደ 30 ኪሎ ይቀላል። እጀታው ከየትኛው ወገን እንደሆነና የቱ ሶኬት ቀድሞ እንደሚነቀል ዛሬ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ ነገ ይደውሉላቸው። የማይመች ጥያቄ እየጠየቁ እንደሆነ አድርገው አያስቡ፤ ቀድሞ የተነገረው ሰው ሊያግዝ ይችላል፣ ቅዳሜ ጠዋት የሰማ ግን ይደናገጣል። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ መኪና ከዳገቱ በላይ በር ድረስ ይገባል? ሶኬት ያለው ጠረጴዛ ከግድግዳው ጎን አለ? ሽንት ቤቱ ስንት ሜትር ይርቃል፣ በሩስ ስንት ሳንቲ ሜትር ይከፈታል? ለመዛወር የሚሆን ባለ እጅ መደገፊያ ጠንካራ ወንበር አለ? ከስልጠናው የማይደገመው ክፍል የትኛው ነው? የመጨረሻውን አትርሱ። አምስቱን ሰዓት ሳይሆን ዋናውን ሁለት ሰዓት መሳተፍም መሄድ ነው።

ንግግሩም አጭር ይሁን፦ «እመጣለሁ። ዊልቸሬ ጠዋት ፈተናውን ካላለፈ ግን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደውዬ እነግራችኋለሁ። ቦታዬን እስከዚያ ያዙልኝ።»

የሚቀርበት ሰዓትና መስፈርት አሁኑኑ ይጻፍ። ቅዳሜ ጠዋት ለብሰው ከተዘጋጁ በኋላ የሚወስነው ጉጉቱ ነው፤ መብራቱ ቢጫ ቢሆን እንኳ «ደህና ነው» ያሰኛል።

ምላሽ፦ ሰማያዊ ጃንጥላ (ረቡዕ ማታ)

እግዜር ይስጥልኝ። ያላችሁትን አድርጌ የተገኘው ይኸው፦ አድሮ ሲለካ የግራው ባትሪ 12.85፣ የቀኙ 12.35። ዳገት ላይ የግራው 12.0፣ የቀኙ 10.3። የቀኙ ባትሪ አንዱ ፖል ብሎን ላልቶ ነበር፤ በጣት ይዞራል። ሁለቱም ጊዜ የቆመው ዳገት ላይ ሳይሆን የበር ደፍ ሲያልፍ ነው። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ደፉን 20 ጊዜ ስንሻገር አልቆመም። ዙሩ 11 ላይ ቢጫ ላይ ረጋ። ጥያቄዬ፦ የላላው ብሎን የቮልቱንም መውረድ አምጥቶት ይሆን? ደግሞስ የቀኙን ባትሪ ብቻ መቀየር ይቻላል?

አዘጋጆቹ መኪና ከዳገቱ በላይ በር ድረስ እንደሚገባና ከግድግዳው ጎን ሶኬት እንዳለ ነግረውኛል።

መልስ፦ ካቻቪቴ

ጥሩ አድርገው ለክተዋል። የላላ ብሎን ቮልት የሚያወርደው የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ያነበቡት 10.3 ከፊሉ ከብሎኑ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ የመለኪያው ቆንጣጭ ሽቦው ላይ እንጂ የባትሪው ፖል ላይ ካልነበረ። አድሮ የተለካው 12.35 ግን በብሎን አይሳበብም፤ ወንበሩ ጠፍቶ ሲያድር የሚያልፍ ጅረት የለም ማለት ይቻላል። ቀኙ በእርግጥ ደክሟል። 11 ዙርም ይህንኑ ይናገራል፦ 2.2 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሦስተኛው 1.5 አይሞላም። በዚህ ባትሪ ደርሶ መልሱ አይሆንም።

አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም። ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የሚያልፍባቸው ጅረት አንድ ነው፤ አሮጌው ቀድሞ ባዶ ሆኖ አዲሱ ይጎትተዋል። ቻርጀሩም የሚያየው የሁለቱን ድምር ስለሆነ አንዱን ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሌላውን ያጎድላል። በጥቂት ወራት አዲሱም ይበላሻል። ጥንድ ይግዙ። አዲሶቹ ዓርብ ማታ ቢደርሱ ሙሉ ቻርጅ ሳያድሩና ጥቂት ዙር ሳይሞከሩ ለረጅም መንገድ አይውጡባቸው።

የሚያቆመው ችግር ግን ደረጃው ተለውጧል። በራሱ የጠፋ ብልሽት አሁንም እንዳለ ይቆጠራል፤ ምክንያቱ በእጅ ተይዞ የተስተካከለ ግን ሌላ ነገር ነው። ብሎኑ ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፣ ከብሎኑ አልፎ ፖሉ ላይ እንዲደርስ። ቅዳሜ ጠዋት መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሲያጠብቁት ያለ ልክ አይጫኑት፤ የፖሉ እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ይላጋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ በመኪና ከዳገቱ በላይ ይውረዱ፤ ዊልቸሩ የሚጠበቅበት የግቢው ግማሽ ኪሎ ሜትር ሜዳ ብቻ ይሁን። ይህ በጀቱ ውስጥ ነው። ቻርጀሩንም ይያዙ። 5 አምፔር የሆነ ቻርጀር በ2 ሰዓት ቢበዛ 10 አምፔር-ሰዓት ይመልሳል፤ ከ50 ላይ አንድ አምስተኛ ነው፣ የደከመው ባትሪ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይቀበላል። እንደ ተጨማሪ ይያዙት እንጂ እንዳይመኩበት። ቻርጀሩ ተሰክቶ ወንበሩ አይነዳም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ይነቀላል።

መልስ፦ ትራስ

እስማማለሁ፣ ታጣፊውንም መኪናው ውስጥ ጫኚው። እንደ ዋና ወንበር ሳይሆን የባትሪው ዊልቸር ቢቆም ከስልጠናው ቦታ እስከ መኪናው ለመመለስ ብቻ። ለዚህ 30 ደቂቃ የሚበቃ ወንበር ይበቃል። ትራስሽን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሪ የፊቱና የኋላው እንዳይገለበጥ፤ የኋላው ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጊ።

መልስ፦ ሁለት ጉልበት

አንድ ነገር ልጨምር። በመኪናው እርስዎ በመኪናው ወንበር ተቀምጠው ዊልቸሩ ባዶውን ይጫን፤ በአራት ቀበቶ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ፍሬሙ ላይ ምልክት ባለባቸው ቦታዎች ይታሰር። ጎማ ላይ ወይም እጅ መደገፊያ ላይ አይታሰርም። የሚጭኑት ሰዎች ለመግፋት ሲሉ የሞተሩን ማንሻዎች ያነሳሉ፣ ሲያወርዱትም መመለስ ይረሳሉ። ከዚያ ወንበሩ ሲበራ ብልጭ እያለ እምቢ ይላል፣ ሰዉም «ያው ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። ከመኪና ሲወርድ ከመቀመጥዎ በፊት ሁለቱም ማንሻዎች ቀጭ ብለው መመለሳቸውን አንድ ሰው ወንበሩን ገፍቶ ያረጋግጥ፤ ከተገፋ አልተመለሱም።